የቲቸር ቶለራ ራዲያተር

ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በአውቶ መካኒክ በተመረቅሁ በሁለተኛው ሳምንት አምቦ ውስጥ አንድ ጋራዥ ተቀጠርኩ። የጋራዡ ባለቤት ኦቦ ገመቹ የምስክር ወረቀቴን አየት አድርገው መለሱልኝና "ይህን እናትሽ ጋ አስቀምጪው፤ እዚህ ግሪስ ይነካዋል" አሉኝ። ቀጥለው ቱታ ሰጡኝ። ቱታው ሁለት እኔን ይይዛል። እጅጌውን አራት ጊዜ ጠቅልዬ ሥራ ጀመርኩ።

ሥራው የተፈታ ካምቢዮ በናፍጣ ማጠብ ነበር። እስከ ምሳ አጠብኩ። ከምሳ በኋላ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር መጥቶ ፊት ለፊቴ ቆመና "መካኒክ የለም እንዴ?" አለኝ። "አለ" አልኩት። ዙሪያውን ቃኝቶ "ታዲያ የታለ?" ሲል፣ ኦቦ ገመቹ ከመኪና ሥር ሆነው "እያነጋገረችህ ነው" አሉት። ሹፌሩ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ያንን ጥያቄ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሰምቼዋለሁ፤ አሁን አሁን የሚጠይቀኝ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ብቻ ነው።

በጋራዡ ማዕረጉ ሦስት ነበር። አጣቢ ቁልፍ አይነካም። ረዳት ቁልፍ ያቀብላል፣ ጎማ ይፈታል፣ ዘይት ይቀይራል። ሞተር የሚከፍተው መካኒክ ብቻ ነው። ከአጣቢነት ወደ ረዳትነት ስምንት ወር፣ ከረዳትነት ወደ መካኒክነት ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። አብሮኝ ተመርቆ እዚያው የተቀጠረ ጓደኛዬ ግን በዓመት ተኩል ሞተር ይከፍት ነበር። ኦቦ ገመቹን ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው "እሱ ቢሳሳት ሰው መኪናውን ይወቅሳል። አንቺ ብትሳሳቺ ግን አንቺን ነው። ስለዚህ ቆየት በይ፣ ታገሺ" አሉኝ። በጣም ተናደድኩ። ዛሬም ትክክል ነበሩ አልልም። ሆኖም ያን ያህል በመቆየቴ እጄ ጠንቃቃ ሆኗል።

መካኒክ ከሆንኩ ወዲህ ከማንኛውም መኪና በላይ የከፈትኩት ትንሿን ጂፕ ነው። የፋብሪካዋን ስም አልጠራም፤ ባለቤቶቿ እንደ ሥጋ ዘመድ ስለሚያዩዋት ይቀየሙኛል። አጠር ብላ ከመሬት ከፍ ያለች፣ አምስት ሰው የምትይዝ፣ ስድስተኛውንም እምቢ የማትል መኪና ናት። በእኛ አካባቢ አዲስ ሆና የገዛት ሰው አላየሁም። ውጭ አገር ተነድታ ትመጣለች፣ አዲስ አበባ ሁለት ሦስት ሰው ይነዳታል፣ ከዚያ አምቦና ጊንጪ፣ ጉደርና ጌዶ ካለ መምህር፣ ነርስ ወይም የቢሮ ሠራተኛ እጅ ትገባለች። እዚህ ስትደርስ ዕድሜዋ ወደ ሃያ ይጠጋል። የወንበሯ ላስቲክ ግን አይነሳም። አንዱን ባለቤት "ይህን ላስቲክ ለማን ነው የሚያቆዩት?" ብዬው "ለሚቀጥለው" ብሎኛል።

ባለቤቶቿ ሁሉ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ነዳጅ ስንት ትበላለች ሲባሉ ይዋሻሉ። ደንዲ ወረዳ የሚሠራ አንድ ጸሐፊ ነበር። ሞተሩን ከኋላ ጎማዎች ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ቢፈታ ነዳጅ ይቆጥባል ብለው ነግረውት መጣ። "በደረቅ መንገድ ትንሽ ይቆጥብ ይሆናል፤ ጭቃ ላይ ግን በሁለት ጎማ ነው የምትቀረው" አልኩት። "እኔ ጭቃ ምን አገባኝ፣ የአስፋልት ሰው ነኝ" አለኝ። ፈታሁለት። በዚያው ክረምት ሐሮ ወንጪ ሰርግ ተጠርቶ ሄደ። መኪናዋን ከጭቃ ያወጧት የሙሽራው አባት በሬዎች ናቸው። በሰኞው እስከ ጉልበቱ ጭቃ የነካው ሱሪውን እንደለበሰ መጥቶ "ዘንጌን መልሺልኝ" አለኝ። "የት አስቀመጥከው?" አልኩት። "አልጋ ሥር" አለ።

ብዙዎቹ ጣጣዎች እንዲህ በሳቅ ያልቃሉ። የቲቸር ቶለራ ግን በሳቅ አላለቀም።

ኦቦ ቶለራ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ከተማው ውስጥ "ቲቸር" ከተባለ እሳቸው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ በኋላም ስማቸው ይኸው ነው። አንድ ቀን ጠዋት ጋራዡ በር ላይ ቆመው "አካም ቡልቴ፣ ኢንተለ ኮ" አሉኝ። እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። እጄ ዘይት ስለነበረ ክንዴን ሰጥቼ ሰላም አልኳቸው።

ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ኩላሊታቸውን ታመው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ አዲስ አበባ እጥበት ያደርጉ ነበር። መመላለሻቸው አውቶቡስ ነው። ከእጥበት በኋላ ያዞራቸዋል፣ ያስመልሳቸዋል፤ አውቶቡሱ ደግሞ ለአንድ ሰው ብሎ አይቆምም። አንድ ቀን ሆለታ ላይ ወርደው መንገድ ዳር ተኝተው ነበር። "ከዚያ ወዲህ አልችልም ብላለች። ካልሄደች ደግሞ የሚሆነውን ታውቂያለሽ" አሉኝ ቲቸር። ያላቸውን አሰባስበው ትንሿን ጂፕ ሊገዙ ነው። መኪናዋን እንድመለከትላቸው ፈልገው መጥተዋል።

አብሬያቸው አዲስ አበባ ሄድኩ። ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሳሁት፣ ጭሱን አየሁ፣ የዘይት ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩ፣ ከሥር ገብቼ ብየዳ ፈለግሁ፣ ዳገት ላይ ነዳኋት። ደህና ነበረች። ሻጩ ስለ መኪናዋ ብዙ ሊያወራ ሲጀምር ቲቸር በእጃቸው አስቆሙትና ወደ እኔ ዞሩ። "ትሆናለች" አልኩ። "እንግዲህ ልጄ ትሆናለች ካለች ትሆናለች" አሉና እዚያው ተዋዋሉ።

አምቦ ስንገባ አያያዟን ነገርኳቸው። ዘይት መቼ እንደሚቀየር፣ የጎማ ንፋስ በየስንት ቀኑ እንደሚታይ፣ ጠዋት ጠዋት የራዲያተሩ ውሃ ሞተሩ ሳይሞቅ እንደሚታይ። "ከሁሉም ከሁሉም ውሃው ንጹሕ ይሁን፤ ቆሻሻ ውሃ ራዲያተር ይገድላል" አልኳቸው። በማስታወሻ ደብተራቸው ጻፉት። "ንጹሕ ውሃ" የሚለውን ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመሩበት።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ጥሩ ነበሩ። አዴ ጫልቱ የኋላ ወንበር ላይ ትራስ ተደግፈው ይሄዳሉ፣ ተኝተው ይመለሳሉ። ሲያልፉ ጋራዡ በር ላይ ቲቸርን ጥሩምባ ያስነፏቸዋል። ደስ ይለኝ ነበር። በሥራዬ እንደዚያ የኮራሁበት ጊዜ የለም።

ከዚያ የሙቀት ጌጁ መውጣት ጀመረ። ሜዳ ላይ ደህና ናት፤ ከጊንጪ በኋላ ዳገት ስትይዝ ትሞቃለች። ያመጧት ረቡዕ ቀን ነበር። የራዲያተሩን ክዳን ቀየርኩ፣ ቴርሞስታቱን አወጣሁ። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ይዞ የሚያቆይ ትንሽ በር ነው፤ በእኛ አገር ጋራዥ መኪና ሞቀ ከተባለ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። ለሁለት ሳምንት ተሻላት። እንደገና ሞቀች። የውሃ ፖምፓዋን ቀየርኩ። ለአንድ ወር ተሻላት። እንደገና ሞቀች።

ሦስተኛ ጊዜ የሞተሩን ራስ፣ ቴስታታውን፣ አነሳሁ። ከሥሩ የሚያሽገው ጉዋርኒሲዮን አንድ ቦታ ላይ ተበልቶ ስለነበር "አገኘሁት" አልኩ። የውሃ መተላለፊያዎቹ ላይ ነጭ ቅርፊት አይቻለሁ። የድሮ ባለቤቷ የተወው ነው ብዬ በካቻቢቴ የደረስኩበትን ያህል ፋቅሁና ገጠምኩ። ቲቸር አንድም ጊዜ አልተቆጡም። "ሥራሽን ታውቂያለሽ" ብቻ ይላሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ዓርብ ከረፋዱ ሦስት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። ቲቸር ናቸው። "ኦሎንኮሚን አልፈን ቆማለች። በእንፋሎት ተሸፍናለች" አሉኝ። እጥበቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ኦቦ ገመቹ ፒካፓቸውን ሰጡኝና ዕቃዬን ጭኜ ሄድኩ።

ስደርስ ኮፈኑ ተከፍቷል። አዴ ጫልቱ መንገድ ዳር፣ ቲቸር ከውስጥ ባወጡት የኋላ ወንበር ላይ፣ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። እግራቸው አብጧል። "አካም ጅርታ፣ ልጄ" አሉኝ፤ እኔ ደህና መሆኔን እሳቸው ይጠይቁኛል። ቲቸር ከኋላ ቢጫ ጀሪካን አውጥተው ወደ ሞተሩ መጡ። ጀሪካኑ ሆዱ ተነፍቷል። ክዳኑን ሲያላሉት "ፍሽሽ" አለ።

ውሃ ሲከፈት እንዲህ አይልም።

"ቲቸር፣ ይሄ ውሃ ከየት ነው?"

"ከምንጩ ነዋ" አሉ፤ አምቦ ከተማ ወንዝ ዳር የሚፈልቀውን ጋዛም ውሃ ማለታቸው ነው። "ንጹሕ ውሃ ብለሽኝ የለም እንዴ? ከእሱ የበለጠ ንጹሕ ውሃ የት አለ? በየቅዳሜው አሮጌውን አፍስሼ በአዲስ እቀይረዋለሁ።"

"በየቅዳሜው?"

"ከገዛናት ጀምሮ።"

አዴ ጫልቱ ከተቀመጡበት አቋረጡን። "ድሮ እኮ የምጠጣው እኔ ነበርኩ። ሠላሳ ዓመት ያንን ውሃ ጠጥቻለሁ። ሐኪሙ ለኩላሊትሽ አይሆንም ብሎ ከለከለኝ። እሱ ግን መቅዳቱን አልተወም።" ወደ ባላቸው ዞሩ። "እኔን የከለከሉኝን ነው እሷን የምታጠጣት?"

ቲቸር ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጡት።

አምቦ ያደገ ሰው ያ ውሃ ሲፈላ ምን እንደሚተው ያውቃል። የእናቴ ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ነው፤ ልጅ ሆኜ በማንኪያ እየፋቅሁ ነው ያደግሁት። የመኪና ሞተር ደግሞ ያንኑ ውሃ በየቀኑ ያፈላል። ውሃው በሞቀ ቁጥር ቅርፊቱ ይወፍራል፣ መኪናዋ ትገነፍላለች፣ የገነፈለው በዚያው ውሃ ይሞላል። ይህን ሁሉ የማውቀው ሰው እኔ ሦስት ጊዜ ያቺን መኪና ስከፍት ምን ውሃ እንደሚጨምሩባት አልጠየቅሁም። በጣም አፈርኩ።

ለማፈር ግን ጊዜ አልነበረም። ፒካፗ ዕቃ ሞልቶባት ነበር፣ እሷንም ለመጎተቻ እፈልጋታለሁ፤ ከዚያም በላይ ወንበሯ ለታመመ ሰው አይሆንም። የሚያልፉትን ሚኒባሶች በእጃችን ማስቆም ጀመርን። አራቱ ሞልተው አለፉ። አምስተኛው ቆመ፤ ሹፌሩ ጋቢና የተቀመጡትን ሁለት ሰዎች ወደ ኋላ አጨናንቆ አዴ ጫልቱን አስገባቸው። ቲቸር ከኋላ ቆመው ሄዱ። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ስምንት ሰዓት አልፎ ስለነበር ማሽኑን ለሌላ ታካሚ ሰጥተውታል። ነገ ጠዋት ኑ ተባሉ። በማግስቱ ጠዋት ሲሄዱ አዴ ጫልቱ መተንፈስ አቅቷቸው ነበርና አልጋ ይዘው ተኙ።

መኪናዋን ጎትቼ ገባሁ። ራዲያተሩን አወጣሁትና የራዲያተር ሠራተኛው የላይኛውን ሽፋን በእሳት ፈትቶ ከፈተው። ቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ከግማሽ በላይ በነጭ ተደፍነዋል። ኦቦ ገመቹ አጎንብሰው አዩት።

"ስንት ጊዜ ከፈትሻት?" አሉኝ።

"ሦስት ጊዜ።"

"ምን ውሃ እንደሚጨምሩ ጠይቀሻቸዋል?"

"አልጠየቅሁም።"

"ለምን?"

"አስተማሪዬ ናቸው። ውሃ መጨመር አያውቁም ብዬ ልጠይቅ?"

"ያ የደንዲው ጸሐፊ ቢሆን ኖሮስ?"

"በመጀመሪያው ቀን እጠይቀው ነበር።"

ኦቦ ገመቹ ከራዲያተሩ ቀና አሉ። ሄደው የራሳቸውን ቱታ ለበሱ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቱታ ሲለብሱ ያየሁት ያን ቀን ነው።

እሁድን ጨምሮ ሦስት ቀን ሠራን። እሳቸው እሁድ ጋራዥ ከፍተው አያውቁም፤ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጡ። የራዲያተሩን እያንዳንዱን ቱቦ በቀጭን ብረት ወጋን። አቼቶ በውሃ በጥብጠን ሞተሩ ውስጥ ጨምረን እያስነሳን፣ እያቆየን፣ እያፈሰስን ሰባት ጊዜ ደጋገምን። መጀመሪያ የወጣው ውሃ አጓት ይመስል ነበር። በሰባተኛው ጠራ። ቴርሞስታት ገዝቼ መለስኩ፤ ማውጣቴም ስህተት ነበር፣ በሽታውን ነው የደበቀብኝ። በስተመጨረሻ በተራ ውሃ ፈንታ ኩላንት፣ ለራዲያተር የተሠራውን ፈሳሽ፣ ሞላናት። ኩላንት የበረዶ አገር ዕቃ ነው እያልን እናሾፍ ነበር። አሁን አናሾፍም።

ማክሰኞ ጠዋት ራሴ እየነዳኋት አዲስ አበባ ሄድኩ። ከጊንጪ ጀምሮ ዓይኔ ከመንገዱ ይልቅ ጌጁ ላይ ነበር። ዳገቱን በሙሉ ከመሃል ፈቀቅ አላለም።

አዴ ጫልቱ አልጋ ላይ ቀና ብለው ተቀምጠው ነበር፤ እጥበቱን አግኝተዋል፣ እግራቸው ጎድሏል። ቲቸር በአራት ቀን ውስጥ አርጅተው ጠበቁኝ። ገና ሳልቀመጥ "ጥፋቱ የእኔ ነው። ውሃውን የቀዳሁት እኔ ነኝ" አሉኝ።

"አይደለም ቲቸር። ንጹሕ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ምን ዓይነት እንደሆነ አልነገርኩዎትም። ሦስት ጊዜ ከፍቼ ሳልጠይቅዎት የገጠምኩትም እኔ ነኝ።"

"እኔ ሒሳብ አስተምሬ..."

"ቲቸር፣ የመኪና ሥራ የእኔ ነው።"

አዴ ጫልቱ ሁለታችንንም በየተራ አዩን። "ጨረሳችሁ?" አሉ። "መኪናዋ የት ናት?"

"ታች ናት።"

"ዳገቱን ወጣች?"

"ወጣች።"

"ሞቀች?"

"አልሞቀችም።"

"እንግዲያው ስወጣ በሷ ነው የምሄደው" አሉና ትራሳቸውን አስተካክለው ጋደም አሉ። "ሁለተኛ ደግሞ በፊቴ እንዳትጣሉ። እኔን ያደክመኛል።"

አዴ ጫልቱ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ተመላለሱ። አንድም ማክሰኞ፣ አንድም ዓርብ በመኪናዋ ምክንያት አልቀሩም። ያረፉት በበሽታቸው ነው። ያ የቀረው ዓርብ ከዕድሜያቸው ምን ያህል እንደቀነሰ የነገረኝ ሐኪም የለም፤ እኔም ደፍሬ አልጠየቅሁም። ከለቅሶው በኋላ ቲቸር መኪናዋን ጉደር ለሚሠራ አንድ ነርስ ሸጧት። ነርሱ ከመግዛቱ በፊት እንዳያት ወደ እኔ አመጣት። ሞተሯ ሞቆ ያውቅ እንደሆነ ሲጠይቀኝ ቲቸር ባሉበት ሁሉንም ነገርኩት፤ ውሃውን፣ ሦስቱን ጊዜ፣ ዓርቡን። ቲቸር ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ነርሱ ገዛት።

አሁን ጋራዡን የማስተዳድረው እኔ ነኝ። አዲስ መካኒክ ስቀጥር የምነግረው ይህን ነው። መኪናውን ከመክፈትህ በፊት ባለቤቱን ምን እንደሚጨምርበት፣ ማን እንደሚጨምርና ከየት እንደሚያመጣው ጠይቅ። የምታከብረውን ሰው ደግሞ ከሁሉም አስቀድመህ ጠይቅ። ጥያቄው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ለመጠየቅ አምስት ወር ፈጅቶብኛል፣ ዋጋውን የከፈሉት ግን አዴ ጫልቱ ናቸው።